ጣሪያው የሚያፈሰው ዝናብ ስለበዛ አይደለም

ሐምሌ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ በወጨጫ በኩል ሲጠቁር በኮልፌ ቀራኒዮ የሚሆነውን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከአጠና ተራ እስከ አስራ ስምንት፣ ከዊንጌት ጀርባ እስከ አየር ጤና ባሉት የድሮ ግቢዎች ውስጥ ሳፋ፣ ባልዲና ድስት ወለል ላይ ይደረደራል። አልጋው ከግድግዳው ይሳባል። ፍራሹ ይጠቀለላል። ቴሌቪዥኑ ላስቲክ ይለብሳል። እንግዳ ሰው ቢያይ ቤቱ ሊለቀቅ ነው ይላል። የቤቱ ሰው ግን የትኛው ሳፋ የት እንደሚቀመጥ ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም፤ ጠብታው ቦታውን ከያዘ ዓመታት አልፈዋል።

ከዚያ በረዶው ይወርዳል። ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሰዎች አይደማመጡም። ዋናው ጉድ የሚመጣው ግን በረዶው ካባራ በኋላ ነው። ነጩ ክምር ሁለት ጣሪያዎች በሚገናኙበት ሸለቆ ላይና በአሸንዳው ውስጥ ይከማቻል። በአሸንዳው ውስጥ ከጥር ጀምሮ የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተኝቷል። ቅጠሉና በረዶው ተጋግዘው ግድብ ይሠራሉ። ዝናቡ አያቆምም፤ የቀለጠውም በረዶ ውሃ ይሆናል፤ መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ ሥር ሽቅብ ይገባል። ኮርኒሱ ሆዱን ይነፋል። ከዚያ በኋላ ሳፋም አይበቃም።

በማግሥቱ በሰፈሩም በቢሮውም የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ዝናቡ በዛ።»

አልበዛም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአማካይ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ውስጥ ይወርዳል። በሐምሌ ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጥልበት ዓመት ብርቅ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 30 ካሬ ሜትር የሆነች የቀበሌ ቤት ጣሪያ በሐምሌ ወር ብቻ 6,000 ሊትር ውሃ ትቀበላለች ማለት ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 300 ጀሪካን። ይህ ውሃ አምናም ወርዷል፣ ካቻምናም ወርዷል፣ ለከርሞም ይወርዳል። ቀኑን አስታውቆ የሚመጣ እንግዳ «ድንገት ደረሰብን» አይባልም።

ዝናብን መክሰስ ለሁሉም ይመቻል። ዝናብ መልስ አይሰጥም፣ ይግባኝ አይልም፣ ቢሮ የለውም። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» የሚባለው ይኼ ነው።

የሚያፈስ ጣሪያ ምሥጢር የለውም። ማንም የሰፈር አናጢ መሰላል አስደግፎ አንድ ጊዜ ከወጣ ይነግርሃል። ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ እንደሚሳሳ እያወቀ ሰው ርካሹን ይገዛል። መደራረቢያው ጠብቧል፤ አንድ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል አንዱ በሌላው ላይ መውጣት ያለበትን ያህል አልወጣም። ምስማሩ በቆርቆሮው ጀርባ ላይ መመታት ሲገባው ውሃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ ተመትቷል፤ የምስማሩ ጎማም በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። ቁልቁለቱ አንሷል። በ1970ዎቹ የተመታ ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኗል፤ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል፤ ድንጋዩ ያረፈበት ቦታ ደግሞ በተራው ዝጓል። እንጨቱ በስብሶ ሰጥ ብሏል፤ ሰጥ ያለበት ቦታ ውሃ ያቁራል።

መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ጥቂት ቆርቆሮ መቀየር፣ የበሰበሰውን እንጨት ማውጣት፣ አሸንዳውን ማስፋትና ከሰኔ በፊት ቅጠሉን መጥረግ። አብዛኛው በሁለትና በሦስት ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። አጠናው እዚያው አጠና ተራ ይሸጣል። ቆርቆሮውና ምስማሩ ቁልቁል መርካቶ ነው። አዲስ አበባን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማ ያደረጓት ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ናቸው፤ ኮልፌ ደግሞ ለሁለቱም ከማንም በላይ ቅርብ ነው። ታዲያ የእንጨት ገበያ ደጃፍ ላይ ያለ ሰፈር እንዴት በበሰበሰ ወራጅ ሥር ያድራል?

መልሱ ያለው ጣሪያው ላይ ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ለብዙ ድሃ ቤተሰብም እፎይታ ሆነ። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አዋጁ ቤቱን ከባለቤቱ ሲወስድ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሄደውን ሥራ፣ ማለትም መሰላል አስደግፎ ጣሪያ ላይ የሚወጣውን ሰው፣ ለማን እንደሰጠው ግማሽ ምዕት ዓመት ሙሉ ግልጽ አልሆነም። ለአሥርት ዓመታት በጥቂት ብሮች ላይ ቆሞ የቀረ ኪራይ አንድ ጣሪያ አያስጠግንም። ቀበሌ የሚባለው መዋቅር ራሱ ወደ ወረዳ ተቀይሯል፤ ስሙ ግን በቤቱ ላይ ቀርቷል። ጠብታውም ቀርቷል።

የቤቱ ባለቤት አይጠግንም እንበል። ገንዘብ የለውም፣ ቤቱ ብዙ ነው። ታዲያ ተከራዩ ራሱ በራሱ ገንዘብ ይጠግን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከችግርነት ወደ ግፍ የሚሻገረው። የቀበሌ ቤት ነዋሪ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ፣ ከላዩ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ በሌላ ቆርቆሮ ለመተካት ፈቃድ ይጠየቃል። ማመልከቻ ይጻፋል። ባለሙያ መጥቶ ያያል ይባላል። ባለሙያው ስብሰባ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት መስክ ወጥቷል። ከዚያ ኃላፊው ይቀየራል፤ አዲሱ ኃላፊ ፋይሉን አያውቀውም። ብዙ እናቶች ቃል በቃል የሚያስታውሱት መልስም አለ፤ «እናቴ፣ አካባቢው ለልማት የተያዘ ነው፤ ትንሽ ይታገሡ።»

ይህ ትዕግሥት ስንት ክረምት ነው? ሦስት? ሰባት? በእርጥብ ፍራሽ ላይ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ጨርሶ ሥራ እስኪይዝ?

የሚያመለክት ሰው ሲታክተው ሌሊት ይጠግናል። የኮልፌ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። ቅዳሜ ማታ ወይም በበዓል ዋዜማ፣ ደንብ አስከባሪ በማይዞርበት ሰዓት፣ በባትሪ መብራት ቆርቆሮ ይነቀላል፣ ቆርቆሮ ይመታል። መዶሻው ድምፅ እንዳያሰማ ጨርቅ ይጠቀለልበታል። በዚህ ዓይነት የተመታ ምስማር ቀጥ ብሎ አይገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በሌሊት የተጠገነው በመጀመሪያው በረዶ ይከዳል። ሰው የራሱን ቤት ጣሪያ እንደ ሌባ ተደብቆ የሚጠግንባት ከተማ ስለ ዝናብ ብዛት የማውራት መብት የላትም።

በወረዳ በኩል የሚቀርበውን መከራከሪያም ማየት ተገቢ ነው፤ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው፣ ተከራዮች በጥገና ስም ቤት ይቀጥላሉ፣ አንዱን ክፍል ሁለት ያደርጋሉ፣ ግቢውን ይገፋሉ የሚል ነው። እውነት ነው፣ የሚያደርጉ አሉ። ግን ቤት መቀጠል ከመሬት የሚታይ ነገር ነው። በአሮጌው ልክ፣ በአሮጌው ቁመት፣ ቆርቆሮን በቆርቆሮ የሚተካ ሰው ምን ቀጠለ? ሥራው ሳይጀመር አንድ ፎቶ፣ ሲያልቅ አንድ ፎቶ ይነሣ። ስልክ የሌለው ሠራተኛ የለም። ጥቂቶች አጥር ስለገፉ ሁሉም ይዝነብበት ማለት ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ቤቱ ወደፊት ስለሚፈርስ ወጪው ይባክናል የሚል ነው። ቆርቆሮ ኮንክሪት አይደለም። ነገ ቤቱ ቢፈርስ ቆርቆሮው ተነቅሎ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ በዚች ከተማ ከአንድ ጣሪያ ወደ ሌላ ጣሪያ ሦስት ጊዜ የተዘዋወረ ቆርቆሮ ሞልቷል። ደግሞስ ይባክናል የተባለው ገንዘብ የነዋሪው ነው። የራሱን ገንዘብ ለሁለት ክረምት ደረቅ እንቅልፍ ቢያወጣ ለማን ሸክም ሆነ? በኮሪደር ልማት ወይም በመልሶ ማልማት ቤቱ የሚፈርስ ከሆነም ቀኑ ይነገረው። ቀን ካልተነገረው ዝናቡ ቀን አይጠብቅለትም።

ሦስተኛው፣ በጀት የለም የሚል ነው። ለፈቃድ በጀት አያስፈልግም። እንዲያውም እንዳይጠግን መከልከል ነው ወጪ ያለው፤ የሚከለክለው ሠራተኛ ደመወዝ ይከፈለዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። በየክረምቱ በጎ ፈቃድ የሚባል ዘመቻ ይታወጃል፤ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳትም ከዘመቻው ፊት መሪዎች አንዱ ነው። በዚህ ዘመቻ የደረቀ ቤት ያገኙ፣ ከልባቸው የመረቁ አረጋውያን አሉ፤ ያ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቀኑን ተመልከቱ። ባለሥልጣናቱ አዲስ ጓንት አጥልቀው፣ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ካሜራ አስከትለው ጣሪያ የሚያስከፍቱት በሰኔና በሐምሌ ነው። ጣሪያ በሐምሌ ይከፈታል? የኮልፌ ገበሬ የነበሩ አባቶች በሕይወት ቢኖሩ ይስቁ ነበር። ካትራሜ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይዝም። ዝናብ የጠጣ ጭቃ ግድግዳ ልስን አይቀበልም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር አለ፤ ጥቂት የበልግ ቀናት ቢቀነሱ እንኳ ጣሪያ ለመሥራት የሚተርፍ ጊዜ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ በስብሰባ አልፎ መሰላሉ የሚወጣው ዶፉ ሲጀምር ነው፤ ምክንያቱም ዘመቻው የተሰየመው በወቅቱ እንጂ በሥራው አይደለም።

ችግሩ ወቅቱ ብቻ አይደለም። ዘመቻ የሚመርጠውን ይመርጣል። በአንድ ግቢ አምስት ቤት እያፈሰ አንዱ ይታደሳል፤ አራቱ ቆመው ያጨበጭባሉ። የታደሰላቸው እናት ያመሰግናሉ፣ ይመርቃሉ፣ ምስሉ ይለጠፋል። ግን የሚያመሰግኑት ማንን ነው? የቤቱ ባለቤት መንግሥት ነው። ባለቤት የገዛ ቤቱን ጣሪያ ሲጠግን ግዴታውን ተወጣ ይባላል እንጂ በጎ አደረገ አይባልም። ግዴታ ስጦታ መስሎ ሲቀርብ ያልደረሰው ሰው የሚጠይቀው መብት ያጣል፤ የሚቀረው ተራ መጠበቅ ነው።

የቀበሌ ቤት ብቻ ነው እንዲህ የሆነው የሚል ካለ ደግሞ ወደ ግል ኪራይ ቤት ይምጣ። ግቢ ውስጥ ተርታ የተሠሩ ሰርቪስ ቤቶች፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ስድስት ቤተሰብ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለተከራየበት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ያዛል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰነው ልክ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ጥሩ ነው። በመሬት ላይ ያለው ንግግር ግን ይህ ነው፤ ተከራይ «ጣሪያው ያፈሳል» ሲል አከራይ «ካልተመቸህ ልቀቅ» ይላል። ተከራዩም ሳፋውን ገዝቶ ይቀመጣል። በሕግ የተጻፈ መብት፣ የሚጠየቅበት ቅርብ በር ከሌለው፣ ከሚያፈስ ጣሪያ አይሻልም።

በር እንዴት ይሠራል ለሚል ሩቅ አገር ያለ ምሳሌ አለ። ከአዲስ አበባ ተነሥተው አሜሪካ ሚኒሶታ የገቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያም ጣሪያ ሲያፈስ አይተዋል፤ አፈሳሰሱም ከኮልፌው ጋር ዝምድና አለው። ክረምቱ ወራት ይቆያል፤ በረዶ ጣሪያው ላይ ይቆለላል። ከቤቱ ውስጥ ሾልኮ የሚወጣው ሙቀት ክምሩን ከሥር ያቀልጠዋል። ውሃው ወደ ቀዝቃዛው የጣሪያ ጠርዝ ሲደርስ መልሶ ይረጋና ግድብ ይሆናል። ከግድቡ ኋላ የተጠራቀመው ውሃ በክዳኑ ሥር ገብቶ ወደ ሳሎን ይወርዳል። እዚያም ብልሃቱ በረዶውን በመጥረቢያ መፈልፈል አይደለም፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ኮርኒሱን ከላይ መሸፈንና አየር እንዲዘዋወር ማድረግ ነው፤ ይህም በረዶው ከመምጣቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ልብ መባል ያለበት ግን ከጣሪያው በታች ያለው ሕግ ነው። በሚኒሶታ አከራይ ቤቱን ጠግኖ የመያዝ ግዴታውን በውል እንኳ ሊያስቀር አይችልም። ተከራይ ጉድለቱን በጽሑፍ ያሳውቃል፤ 14 ቀን ይጠብቃል፤ ካልተጠገነለት ኪራዩን ለአከራዩ መስጠቱን ትቶ ፍርድ ቤት ያስይዛል። ብሩ ፍርድ ቤት ሲቀመጥ አከራይ መሰላል ፍለጋ ይሮጣል። ይህን ለማድረግ የሚኒሶታን ሀብት አይጠይቅም። አንድ ቅጽ፣ አንድ የተወሰነ ቀን፣ አንድ የባንክ ሒሳብ ነው።

ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያመለጠ ይመስለዋል። አላመለጠም። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት ጣሪያ የጋራ ነው። አራተኛ ፎቅ ያለው ይዘንብበታል፤ ምድር ቤት ያለው «እኔ ጋ ደረቅ ነው» ብሎ መዋጮ አይከፍልም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠርቶ ሦስት ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። ውሃው ግን ስብሰባ አይጠራም፤ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። የመብራት ሽቦውን ሲያገኘው ጉዳዩ የሁሉም ይሆናል፤ ያኔ ግን ዘግይቷል።

በሦስቱም ቤት በሽታው አንድ ነው። ጣሪያው አለ፣ ጠብታው አለ፣ መሰላል ላይ መውጣት ያለበት ሰው ግን በስሙ አልተጠራም።

ይህ የምቾት ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፈው ካለ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን መመሪያ ይመልከት። በእርጥበትና በሻጋታ ውስጥ የሚኖር ሰው ለአስምና ለመተንፈሻ አካላት ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል ይላል። የኮልፌ እናት ይህን ለማወቅ መመሪያ አላስፈለጋትም፤ ልጇ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲያስል ትሰማዋለች። የጭቃ ቤት ቋሚዎችም ከላይ በሚወርድ ውሃ ከሥራቸው ይበሰብሳሉ፤ ለሁለት ቀን ሥራ የተከለከለ ፈቃድ አሥር ዓመት ቆይቶ ሙሉ ቤት ያፈርሳል።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱም ነው የሚያናድደው።

አንደኛ፣ የቀበሌ ቤት ጣሪያን በነበረበት ልክ መጠገን ፈቃድ ቀርቶ ማሳወቂያ ብቻ ይሁን። ነዋሪው ለወረዳው ያሳውቅ፤ በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተከለከለ ይጀምር። የሚከለክለውም ሠራተኛ ስሙንና ምክንያቱን ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ነዋሪው ለጣሪያው ያወጣው ወጪ በደረሰኝ ተረጋግጦ ከኪራዩ ይታሰብለት፤ ቤቱ ሲፈርስም ቆርቆሮው የእርሱ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥለት።

ሦስተኛ፣ የቤት እድሳት ዘመቻው ከሐምሌ ወደ መጋቢት ይምጣ፤ ግንቦት 30 ይለቅ። ዝርዝሩም በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማን ለምን ቀደመ የሚለው ይታይ።

አራተኛ፣ የኪራይ ውል ሲመዘገብ ስለ ብሩና ስለ ጊዜው እንደሚጠየቀው ስለ ጣሪያውም ይጠየቅ። ያፈሳል ወይስ አያፈስም? ካፈሰስ ማን፣ እስከ መቼ ይጠግነዋል? አከራይ በቀኑ ካልጠገነ ተከራይ ኪራዩን የሚያስይዝበት ቦታ ይኑር።

ለነዋሪውም የሚተርፍ ነገር አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከአሸንዳ ለመጥረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ዕድሩ ለቀብር ድንኳን እንደሚያወጣው ሁሉ ለአንድ የጋራ መሰላል ቢያወጣ፣ ወጣቶቹ በግንቦት አንድ እሑድ ግቢ ለግቢ ቢዞሩ፣ ከበረዶው ግድብ ግማሹ አይሠራም ነበር። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለውን የአባቶች ምክር ለክርክር ብቻ መጥቀስ ይብቃ።

ቀሪው ግማሽ ግን በቅጠል አይመካኝም። እርሱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማኅተም ሳይመታበት ስንተኛ ክረምቱን የያዘ ማመልከቻ ሆኖ። በሚቀጥለው ሐምሌ ሰማዩ በወጨጫ በኩል ሲጠቁር፣ አንዲት እናት ሳፋውን ከአልጋ ሥር ስትስብ፣ «ዝናቡ በዛ» የሚል ሁሉ መጀመሪያ ያንን ፋይል ይክፈት። ቀኑ በግልጽ ተጽፎበታል፤ ጥቅምት ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ መሬቱ ደርቆ፣ አናጢው ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ወር።